ሊከፈል የተሠራ መንደር፦ የሁተራውያን ኮሎኒ አመሠራረትና አመራር

በሰሜን አሜሪካ የስንዴ አገር፣ ከካናዳዎቹ አልበርታ፣ ሳስካቹዋንና ማኒቶባ እስከ አሜሪካዎቹ ሞንታናና ደቡብ ዳኮታ ድረስ፣ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ የተቆረቆረ አንድ ዓይነት መንደር አለ። ረጃጅም መኖሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ መካከላቸው አንድ ትልቅ የጋራ ማዕድ ቤት ቆሟል፤ ዳር ዳሩን የእህል ጎተራ፣ የዶሮ ቤት፣ የአሳማና የላም በረት ይዞታል። በመንደሩ የሚኖረው መቶ ያህል ሰው የግል መሬት የለውም። ደመወዝ አይከፈለውም፤ የሠራው ሁሉ ለማኅበሩ ገቢ ይሆናል። ምግቡን፣ ልብሱን፣ ሕክምናውንና መጦሪያውን የሚችለውም ማኅበሩ ነው። ይህን መንደር ኮሎኒ ይሉታል፤ ነዋሪዎቹም ሁተራውያን ይባላሉ። ዛሬ ከ500 በላይ ኮሎኒዎች ሲኖሩ የሕዝባቸው ቁጥር ወደ 50,000 ይጠጋል።

ንብረትን በጋራ ይዞ ለመኖር የተደረገ ሙከራ በዓለም ላይ ሞልቷል። አብዛኛው መሥራቹ ሲሞት አብሮት ሞቷል፤ ይኼኛው ግን፣ መሐል ላይ ቢቋረጥም፣ ወደ 500 ዓመት ተጉዟል። ለዚህ የእምነት ጽናት ብቻውን በቂ ምክንያት አይመስለኝም። ኮሎኒ ሲመሠረት አንድ ቀን ለሁለት እንደሚከፈል አስቀድሞ ታውቆ ነው፤ ሹመቱም፣ ገንዘብ አያያዙም፣ የቤቶቹ ብዛትም የሚወሰነው ይህ ታስቦ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መሬት ላይ የተነጠፈው ካባ

ነገሩ ሀ ብሎ የጀመረው በ1528 በሞራቪያ፣ ማለትም በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ኒኮልስበርግ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። በዚያ ዘመን ሕፃን አይጠመቅም፣ ጥምቀት አምኖ ለሚጠይቅ አዋቂ ነው ያሉ ክርስቲያኖች፣ በጠላቶቻቸው አጠራር ዳግም አጥማቂዎች፣ ከካቶሊኩም ከፕሮቴስታንቱም መንግሥት እየተሳደዱ በሞራቪያ መኳንንት ጥላ ሥር ተጠግተው ነበር። በመካከላቸው ግን ክርክር ተነሣ፦ ክርስቲያን ሰይፍ መያዝ፣ ለጦርነትስ ግብር መክፈል ይገባዋል ወይ? አይገባም ያለው ወገን፣ ልጆችን ሳይጨምር 200 ያህል ሰው፣ ከተማውን ለቆ ወጣ።

እነዚህ ሰዎች ስደተኞች ናቸው። ጥቂቱ ስንቅ ቋጥሯል፣ ብዙው ባዶ እጁን ነው። መንገድ ላይ ሳሉ የማኅበሩን ሥጋዊ ጉዳይ የሚይዙ ሰዎች ሾሙ፤ ሹሞቹም ካባ መሬት ላይ አነጠፉ፤ እያንዳንዱ ያለውን አምጥቶ ካባው ላይ አኖረ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እና 4 ላይ ያለው የኢየሩሳሌም ምእመናን ኑሮ አብነት ሆናቸው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። የጋራ ንብረት ከመኖሩ በፊት የሚጠብቀው ሹም ተመረጠ። ያ ሹመት እስከ ዛሬ በየኮሎኒው አለ።

ያዕቆብ ሁተር የተባለው የቲሮል ሰው የማኅበሩን መሪነት የያዘው በ1533 ነው። መሪ ሆኖ የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም የተዘበራረቀውን አስተዳደር መልክ አስያዘው፤ በ1536 በኢንስብሩክ ከተማ በእሳት ተቃጥሎ ሲገደል ስሙ ለማኅበሩ ቀረ። ከ1565 እስከ 1590ዎቹ ያለውን ጊዜ ሁተራውያን ወርቃማ ዘመን ይሉታል። በሞራቪያና በዙሪያዋ በመቶ ገደማ የማኅበር ቤቶች ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ አንዳንዱ ግቢ ብዙ መቶ ሰው ይይዛል። ሸክላ ሠሪው፣ ቢላ አንጣሪው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ሐኪሙ ሁሉ በየሙያው አለቃ ነበረው። በቀለም ያጌጠ ሸክላቸው ዛሬም በመካከለኛው አውሮፓ ሙዚየሞች ይታያል። መኳንንቱ የጠበቋቸው እምነታቸውን ወደው ሳይሆን ሙያቸውንና ኪራያቸውን ፈልገው ነው። በሠላሳው ዓመት ጦርነት የካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት ሲያሸንፍ ያ ጥበቃ አልቆ በ1622 ከሞራቪያ ተባረሩ።

2. አርባ ዓመት የተቋረጠው ኑሮ

ቀጥሎ ያለው መቶ ሃምሳ ዓመት የመበተን ታሪክ ነው። በስሎቫኪያ የቀሩት ቀስ በቀስ ወደ ካቶሊክነት ተገደዱ። በትራንሲልቫኒያ የቀረው ጭላንጭል ሊጠፋ ሲል ከ1755 ጀምሮ ከኦስትሪያዋ ካሪንቲያ የተባረሩ ሉተራውያን መጥተው ተቀላቀሉና ማኅበሩ ነፍስ ዘራ። ሁተራውያን ዛሬ በቤታቸው የሚናገሩት የጀርመንኛ ዘዬ በአብዛኛው የነዚህ ሰዎች ነው። በ1767 ተራራ አቋርጠው ወደ ዋላኪያ፣ በ1770 ደግሞ ወደ ዩክሬን ተሻገሩ።

በዩክሬን ሰላም አገኙ፤ ዳሩ ግን በሰላሙ ጊዜ የጋራ ኑሯቸው ፈረሰ። በ1819 ንብረት ተከፋፍለው በየግላቸው መኖር ጀመሩ። እሳትና ስደት ያልበተኑትን ማኅበር የውስጥ ጠብ በተነው፤ የሚሠራውና የማይሠራው ከአንድ ጎተራ መብላቱ ያስነሣውን ቅሬታ የሚዳኝ ጠንካራ አመራር አልነበረም። በኋላ የመጡት መሪዎች ይህን አልዘነጉም። ኑሮው የተመለሰው በ1859 ነው። ሚካኤል ቫልድነር የተባለ ሰባኪ አንድ ማኅበር አቋቋመ፤ ሙያው አንጥረኛ ስለነበር ተከታዮቹ ሽሚደሎይት፣ የአንጥረኛው ሰዎች፣ ተባሉ። በዓመቱ ዳርዩስ ቫልተር ሌላውን መሠረተ፤ እነሱም ዳርዩስሎይት ሆኑ።

3. ዳኮታ፣ ካናዳ፣ መልሶ ዳኮታ

ሩሲያ በ1870ዎቹ የውትድርና ግዴታን በሁሉም ላይ ስትጥል ሁተራውያን እንደገና ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ከ1874 ጀምሮ 1,200 የሚያህሉት አሜሪካ ገቡ። ከነዚህ በጋራ ለመኖር የመረጡት 400 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት እንደማንኛውም ገበሬ የግል መሬት ይዘው ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ገቡ። የዛሬው ሕዝብ የተገኘው ከነዚያ 400 ሰዎች ነው። ሽሚደሎይት በ1874 በሚዙሪ ወንዝ ዳር ቦን ኦም የተባለውን የመጀመሪያ ኮሎኒ ተከሉ። ዳርዩስሎይት በ1875 በዎልፍ ክሪክ ሰፈሩ። በ1877 ደግሞ ያዕቆብ ቪፕፍ የተባለ መምህር ኤልምስፕሪንግን መሠረተ፤ ከሱ የወጣው ቅርንጫፍ ሌረርሎይት፣ የመምህሩ ሰዎች፣ ይባላል። ሦስቱ ቅርንጫፎች እስከ ዛሬ አሉ። እምነታቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው በልብስ ቁመት፣ በሥርዓት ጥብቅነትና በመሳሰለው ነው። ሌረርሎይት ከሁሉም ጥብቆቹ ናቸው።

በ1918 አራት የሮክፖርት ኮሎኒ ወጣቶች ለጦርነት ተጠርተው የወታደር ልብስ አንለብስም በማለታቸው አልካትራዝ እስር ቤት ተጣሉ። በቀዝቃዛው ምድር ቤት ዩኒፎርሙ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ በውስጥ ልብስ ብቻ ቀናት አሳለፉ። በኋላ ወደ ሌቨንዎርዝ እስር ቤት ሲዛወሩ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ጆሴፍና ማይክል ሆፈር፣ ሞቱ። የሁተራውያን ታሪክ እንደሚያስታውሰው የጆሴፍ ሚስት አስከሬኑን ስታይ ሞቶ እንኳ በሕይወቱ እምቢ ያለውን ዩኒፎርም አልብሰውት ነበር። ኮሎኒዎቹ መሬታቸውን በርካሽ እየሸጡ ወደ ካናዳ ተመሙ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ የቀረችው ቦን ኦም ብቻ ነበረች።

በዚያው ጊዜ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አገሩን ይዞት ነበር። እርሻው ባዶውን የቀረበት የደቡብ ዳኮታ መንግሥት በ1935 የጋራ ማኅበራትን በሕጋዊ ሰውነት የሚያቋቁም አዋጅ አወጣ፤ የተባረሩት ሰዎች ግብር ከፋይ ሆነው እንዲመለሱ ተፈለገ። ከፊሎቹ ተመለሱ።

4. ማን ምን ይይዛል

የአንድነት ገዳም አስተዳደርን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ በአንድነት ገዳምም ጸሎቱን የሚመራው አበ ምኔትና ጎተራውን የሚጠብቀው መጋቢ ለየብቻ ናቸው። ልዩነቱ የኮሎኒው ሰዎች ባለትዳርና ባለልጅ መሆናቸው ነው።

ከላይ የተቀመጠው ሰባኪው ነው። ጠዋት ማታ የማኅበሩን ነፍስ ይጠብቃል፤ ያጠምቃል፣ ያጋባል፣ ይቀብራል። የሚሰብከው ግን የራሱን ድርሰት አይደለም። በአብዛኛው በ17ኛው መቶ ዘመን የተጻፉትን፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ የቆዩትን ስብከቶች ያነባል። ረዳት ሰባኪም አለው። ቀጥሎ የሚመጣው የኮሎኒው መጋቢ ነው። ቼክ የሚፈርመው፣ ከባንክና ከነጋዴ የሚደራደረው፣ ጫማም ሆነ ማረሻ የሚገዛው እሱ ነው። ሦስተኛው የእርሻ አለቃ ነው፤ ማን ዛሬ ትራክተር እንደሚነዳ፣ ማን አጥር እንደሚጠግን ይመድባል። ሰባኪው፣ መጋቢውና የእርሻ አለቃው ከቁርስ በኋላ ባጭሩ ተገናኝተው የቀኑን ሥራ ይነጋገራሉ። ከነሱ ጋር ጥቂት አንጋፋ ወንዶች ተጨምረው ጉባኤው ይሟላል፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይሆናል። ከበድ ያለ ጉዳይ፣ ለምሳሌ መሬት መግዛት ወይም ሹም መሻር፣ የተጠመቁ ወንዶች ሁሉ በተሰበሰቡበት በድምፅ ይወሰናል።

የሰባኪው አመራረጥ ከሌላው ሁሉ ይለያል። ከአጎራባች ኮሎኒዎች ሰባኪዎች ይጋበዛሉ። የተጠመቀ ወንድ ሁሉ ይገባዋል ላለው ሰው ድምፅ ይሰጣል። ከአምስት በላይ ድምፅ ያገኘ ሁሉ ዕጩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ማግኘትና ስድስት ማግኘት አንድ ነው። ስሞቹ በወረቀት ተጽፈው ባርኔጣ ውስጥ ይገባሉ፤ ጸሎት ይደረሳል፤ አንድ ወረቀት ይወጣል። አብነቱ በይሁዳ ምትክ ማትያስ በዕጣ የተመረጠበት ታሪክ ነው። የወጣለት ሰው ትናንት የአሳማ በረት ኃላፊ ሊሆን ይችላል። የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት አልገባም፤ እየሠራ ይማራል፤ ሙሉ ሹመቱን በእጅ መጫን የሚቀበለው ዓመታት ከተፈተነ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት ሁለት ጥቅም አንድ ላይ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። በድምፁ ማኅበሩ የማይፈልገውን ሰው ያስቀራል፤ በዕጣው ደግሞ ለሹመት መቀስቀስን ከንቱ ያደርገዋል። የተመረጠው ሰው ለማንም ውለታ የለበትም፤ ያልተመረጠውም ተሸነፍኩ አይልም።

ከዋናዎቹ ሹሞች በታች ያለው የሥራ ክፍፍል ረጅም ነው፦ የላም፣ የዶሮ፣ የአሳማ፣ የአናጺ ቤት፣ የጋራዥ ኃላፊዎች። ጀርመንኛ መምህሩ ልጆቹን ሃይማኖታቸውንና ቋንቋቸውን ያስተምራል፣ ሥርዓታቸውንም ይጠብቃል፤ የመንግሥቱን ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምረው የእንግሊዝኛ መምህር በብዙ ቦታ ከውጭ ተቀጥሮ ይመጣል። ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላው መዋዕለ ሕፃናት ይገባል፤ እስከ 14 ዓመቱ በልጆች የምግብ አዳራሽ ይበላል። 15 ሲሞላው ወደ አዋቂዎች ማዕድ ይዛወርና ሥራ ይሰጠዋል። በአዋቂዎቹ አዳራሽ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን፣ በዕድሜ ተራ ይቀመጣሉ። ጥምቀት የሚመጣው በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የወንድ ድምፅ የመስጠት መብትም ከጥምቀት በኋላ ይከተላል።

ሴት ተጠምቃም ድምፅ የላትም። ዋና ወጥ ቤት፣ የአትክልት ቦታ ኃላፊና የሕፃናት ጠባቂ ሆና ትሾማለች፤ ሴቶቹ ወጥና ዳቦ በየሳምንቱ ተራ በተራ ይሠራሉ፤ በየቤቱ በባሎቻቸው በኩል ሐሳባቸው ወደ ጉባኤ እንደሚደርስም የታወቀ ነው። ቢሆንም መቶ ሰው የሚመግበው ማዕድ ቤት በሴቶች ትከሻ ላይ ቆሞ፣ መሬት ሲገዛና ኮሎኒ ሲከፈል የሴት እጅ አለመነሣቱ የዚህ ተቋም ትልቁ ጉድለት ነው እላለሁ።

5. እናት ኮሎኒ ስትወልድ

ኮሎኒ ሲመሠረት ከ60 እስከ 80 ሰው ይይዛል። ወደ 120 ወይም 150 ሲጠጋ ለመከፈል ይዘጋጃል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተወሰነ አይደለም። ሁለት ሰባኪ፣ አንድ መጋቢ፣ አንድ የእርሻ አለቃ ነው የሚያስፈልገው፤ ሕዝቡ ሲበዛ ሹመት አይጨምርም። ለአንድ የአሳማ በረት ሦስት ጎበዝ ወጣቶች ሲሰለፉ፣ ወንድማማቾች በጉባኤ ውስጥ ተደጋግፈው ድምፅ ሲይዙ፣ ያኔ ጠብ ይጀምራል። መከፈል ይህን ሁሉ ያስተነፍሳል። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሁተራውያን ሕዝብ በዓመት 4 በመቶ ገደማ ያድግ ስለነበር፣ በአንዲት ሴት አማካይ የወሊድ ቁጥር ከአሥር በላይ ሆኖ ተመዝግቦ፣ አንድ ኮሎኒ በአሥራ አምስት ወይም በሃያ ዓመት አንዴ ይከፈል ነበር።

ዝግጅቱ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እናቲቱ ኮሎኒ ገንዘብ ታጠራቅማለች፣ መሬት ታፈላልጋለች። የሚገዛው በብዙ ቦታ ከ2,000 ሄክታር በላይ፣ በእኛ የድሮ ልኬት ከ50 ጋሻ የሚበልጥ ነው። የግንባታ ቡድን እየተመላለሰ በረቱን፣ ማዕድ ቤቱን፣ መኖሪያውን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ማን እንደሚሄድ ብዙውን ጊዜ አይነገርም።

በሌረርሎይት ዘንድ ያለው ሥርዓት በተለይ ልብ ይነካል። ሕዝቡ በሁለት ዝርዝር ይከፈላል፤ አንዱን ዋናው ሰባኪ፣ ሌላውን ረዳቱ ይመራል። ዕድሜው፣ ሙያው፣ የወንድና የሴቱ ቁጥር እንዲመጣጠን ይታሰባል፤ ያላገባ ልጅ ከወላጆቹ አይለይም። ዝርዝሩ ይታወቃል፤ የሚሄደው የትኛው ዝርዝር እንደሆነ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ሁሉም ቤተሰብ ይጠቀልላል፤ አልጋው ይፈታታል፣ የልጆች ልብስ በሳጥን ይታሰራል። በመነሻው ዋዜማ ዕጣ ይጣላል። የአንደኛው ሰባኪ ሰዎች በማግሥቱ መኪና ላይ ይወጣሉ፤ የቀሩት እዚያው የጠቀለሉትን ይፈታሉ። ልጃቸውን ለሌላው ወገን የዳሩ እናቶች በዚያች ሌሊት የሚያሳልፉትን መገመት አይከብድም። በሥርዓቱ ግን ማንም ተባረርኩ፣ ማንም ተመረጥኩ ሊል አይችልም። ዳርዩስሎይት በበኩላቸው ለፈቃደኝነትና ለዝምድና ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣሉ።

ከብቱ፣ ማሽኑ፣ ጥሬ ገንዘቡ፣ ዕዳውም ጭምር ይከፈላል። ሁለቱም ወገን ሰባኪ፣ መጋቢና የእርሻ አለቃ ይዞ ይቆማል፤ የተጓደለውን ሹመት በአዲስ ምርጫ ይሞላል። ትናንት በረት ሲጠርግ የነበረው የ30 ዓመት ሰው ዛሬ ኃላፊ ይሆናል። አዲሲቱ ኮሎኒ እግሯን እስክትተክል እናቲቱ ታበድራታለች፣ የሰው ጉልበትም ትልክላታለች።

6. ኮሎኒው በሕግ ፊት

ጎረቤት ገበሬዎች የኮሎኒዎቹን መብዛት በስጋት ሲያዩ ኖረዋል። አልበርታ በ1942 መሬት እንዳይሸጥላቸው ከለከለች፤ በ1947 ባወጣችው የጋራ ንብረት አዋጅ ደግሞ አንድ ኮሎኒ ከ6,400 ኤከር በላይ እንዳይዝ፣ ከሌላውም 40 ማይል እንዲርቅ ደነገገች። አዋጁ የተሻረው በ1973 ነው። ሁተራውያን በበኩላቸው በ1951 በካናዳ ፓርላማ አዋጅ የሁተራውያን ወንድሞች ቤተ ክርስቲያን የሚል ሕጋዊ ሰውነት አገኙ። ሦስቱ ቅርንጫፎች በዚህ ጥላ ሥር ሆነው ይነጋገራሉ፤ ገንዘብና መሬት ግን የየኮሎኒው ነው።

ከሁሉ የከበደው ክርክር ስለ ድርሻ ነው። ከማኅበሩ የተባረሩ የአንድ ማኒቶባ ኮሎኒ ሰዎች ድርሻችን ይሰጠን ብለው ከሰሱ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1970 ንብረቱ የማኅበሩ ስለሆነ ተካፋይ አይደላችሁም ሲል ፈረደ። በ1992 ግን ያው ፍርድ ቤት በሌላ ኮሎኒ ጉዳይ ማስጠንቀቂያና የመሰማት ዕድል ሳይሰጠው አባልን ማባረር እንደማይቻል ወሰነ። በሃያ ሁለት ዓመት ልዩነት የተሰጡት ሁለቱ ፍርዶች አንድ ላይ ሲነበቡ ሚዛናዊ ናቸው ብዬ አስባለሁ፦ ንብረቱ አይከፈልም፣ ሰውየው ግን ሳይሰማ አይጣልም። ያም ሆኖ በ40 ዓመቱ ኮሎኒውን የሚለቅ ሰው የዕድሜ ልክ ድካሙን ትቶ የሚወጣው በባዶ እጁ ወይም በጥቂት ስንቅ ነው።

በ1992 ሌላም ነገር ሆነ። ሽሚደሎይት በአመራር ጉዳይ ተጣልተው ለሁለት ተከፈሉ፤ ዕጣ ያልተጣለበት፣ ማንም ያላቀደው መከፈል ነበር፤ ቁስሉም ገና አልዳነም።

7. ዛሬ

በሞንታና የሚመረተው አብዛኛው እንቁላልና አሳማ ከኮሎኒዎች ይወጣል። ትራክተሩ ዘመናዊ ነው፣ ወተቱ በማሽን ይታለባል፤ በቤት ውስጥ ግን ቴሌቪዥን በሥርዓቱ የተከለከለ ነው። ስልክና ኢንተርኔት በየኮሎኒው ጉባኤ እየተመዘኑ ይፈቀዳሉ ወይም ይከለከላሉ። በአልበርታ ፎቶ መነሣት የተቀረጸ ምስል ነው ያለ አንድ ኮሎኒ ፎቶ የሌለው መንጃ ፈቃድ ጠይቆ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግቶ በ2009 በአንድ ድምፅ ልዩነት ተረታ።

የሁተራውያን የሥጋ ዘመዶች ባይሆኑም የአንድ ሥር ልጆች የሆኑ ክርስቲያኖች በአገራችንም አሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተገኘችው ከሜኖናውያን ሚሲዮን ነው፤ ሜኖናውያንም ያው የ16ኛው መቶ ዘመን ዳግም አጥማቂዎች ናቸው። በአዋቂ ጥምቀትና በሰላም ትምህርት ይገናኛሉ፤ የጋራ ንብረቱን ግን የያዙት ሁተራውያን ብቻ ናቸው።

አሁን ኮሎኒዎቹን የሚያሳስባቸው የመከፈሉ ፍጥነት ነው። የእርሻ መሬት ዋጋ ንሯል፤ ለአዲስ ኮሎኒ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማጠራቀም ከቀድሞው ይበልጥ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በማኒቶባ ያሉት ብዙዎቹ በብረታ ብረት፣ በቤት ዕቃና በመሳሰለው ፋብሪካ ገብተዋል። የወሊድ ቁጥሩም ቀንሷል፤ ትዳርም ዘግይቷል። ሕዝቡ በቀስታ ሲያድግ ኮሎኒው የሚከፈልበት ጊዜ ይርቃል፤ ኮሎኒ ካልተከፈለ ደግሞ አዲስ ሹመት አይኖርም፤ የ35 ዓመቱ ሰው ከ50 ዓመቱ ኃላፊ ሥር ሆኖ ይጠብቃል። ከሚለቁት ወጣቶች መካከል በውጭ ዓለም ደመወዝ ተስበው የወጡ አሉ፤ የኃላፊነት ተራቸው አልደርስ ብሏቸው የወጡም አሉ። አንዳንድ ጉባኤዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አዲስ ወርክሾፕ መክፈት ነው፤ ወርክሾፕ ኃላፊ ይፈልጋልና።